በወዲያ በኩል ያለው ዓይን

መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ሰውን ከሰው የሚለዩት በዓይኑ ብዛት ነበር። ቀልድ የሚመስለው ካለ ከአንኮበር በታች ያለችውን የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ ይመልከት። እዚያ ጻድቅ የተባለ ሁሉ ሁለት ዓይን አለው። ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ምእመኑ አዙሮ ትልልቅ ዓይኖቹን ከፍቶ ያያል። ከሃዲው፣ ገራፊው፣ ሰቃዩና ሰይጣኑ ግን ሁልጊዜ ወደ ጎን የዞሩ ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ሕጉን ያወጡት መሪጌታ አይደሉም። ከአባታቸው ተቀበሉት፣ አባታቸውም ከአያታቸው። ክፉ ሰው ከጸሎተኛ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የለበትም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

መሪጌታ ከራሳቸው የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ባርኔጣ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ግድግዳው ሲታደስ፣ ጌታን የሚገርፉትንና የሚቸነክሩትን ወታደሮች በሙሉ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ አለበሷቸው። ባርኔጣ ለባሽ ምን እንዳደረገው የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረምና ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ሥዕሉም ሥራውን ሠራ። አንድ ዓመት አንድ የመንገድ ቀያሽ ባርኔጣውን ደፍቶ በዚያ ሲያልፍ የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ፣ ሴቶቹም እያማተቡ በራቸውን ዘጉ። ምስኪኑ ቀያሽ አንድ ቅል ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ከንፈሩ እንደ ደረቀ ሄደ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ያዘኑ እንዳይመስላችሁ። «ሥዕል ማለትስ ይኸ ነው» ብለው ቀኑን ሙሉ ሲደሰቱ ዋሉ።

እንዲህ ያሉ ሰው ሳሉ ነው እንግዲህ በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሽማግሌዎች ከደጃቸው የቆሙት።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ወርቅአገኘሁ የሚባሉ የመዘዞ ባለ በግ ነበሩ፤ ተጫዋች፣ ነገር አዋቂ፣ ከመሪጌታም ጋር የቆየ ትውውቅ ያላቸው። እንደ ወጉ ቆመው ቆዩ፣ እንደ ወጉ «ምን እግር ጣላችሁ?» ተባሉ፣ እንደ ወጉም «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን» አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። ልጁ ገብረኪዳን ይባላል፤ በመዘዞ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። የቄስ ገብረ ሕይወት ልጅ ነው። ዘር ተቆጠረ፤ ከመሪጌታ ዘመዶች ጋር የሚጋጭበት አልተገኘም። እስከዚህ ድረስ የመሪጌታ ፊት ፈክቶ ነበር። የቄስ ልጅ ለመሪጌታ ልጅ! ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

«መልኩንም እንዲያዩት» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ መሐረብ አውጥተው በኩራት እየፈቱ። «ጊዜው ሠልጥኗል፣ መሪጌታ። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው።»

መሪጌታ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ። ክው ብለው ቀሩ። ሰውየው ትከሻው የሰፋ ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ወደ ግንባሩ ደፍቷል። ይህ ሁሉ ሳያንስ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አዙሯል። የራሳቸው ግድግዳ ላይ ጅራፍ የያዘው ወታደር ከቦታው ወርዶ፣ ኮት ገዝቶ፣ ሚስት ሊጠይቅ የመጣ መሰላቸው።

«ሌላኛው ዓይኑ የታለ?» አሉ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ጥያቄው አልገባቸውም። «በወዲያ በኩል ነዋ መሪጌታ! የት ይሄዳል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መሪጌታ አልሳቁም። «በወዲያ በኩል ያለውን አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ የማየው በዚህ በኩል ያለውን ነው። ልጄን ለማላየው ዓይን አልሰጥም» አሉና ፎቶውን መለሱ።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ዞር አድርገው ጠየቁ፣ ለመኑ፣ አወደሱ። መሪጌታ ግን ንቅንቅ አላሉም። «ሁለት ዓይኑን ይዛችሁ ኑ» አሉ በመጨረሻ። ሽማግሌ የሚመላለሰው ሦስት ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው እንቢ ከተባለ ያንን ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም። የቀረችው አንዲቱ ጊዜ ብቻ ነበረች።

እንግዲህ ንጋቷ የምትባለው ልጃቸው ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። መሪጌታና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና ከወለዷቸው ልጆች ከሞት የተረፈችላቸው እሷ ብቻ ነበረች። ከሰሉን የምትወቅጥላቸው፣ ሙጫውን የምታፈላላቸው፣ ሰማያዊው ቀለም ከመቅጠኑ በፊት «ይበቃዋል አባዬ» የምትላቸው እሷ ነበረች። መሪጌታ በሰው ፊት ባይናገሩትም ከግድግዳቸውም ከቅኔያቸውም አብልጠው ይወዷት ነበር። ፎቶው የመጣ ዕለት ንጋቷ ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቃ አይታው ነበር። እሷም ደነገጠች። ባለፈው ክረምት አክስቷ በሰለች ዘንድ መዘዞ ከርማ፣ ያንን አስተማሪ በየቀኑ ታየው ነበርና። እሷ የምታውቀው ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ጅረት ውስጥ ቆሞ፣ የክረምት ትምህርት ሲለቀቅ ልጆቹን አንድ በአንድ በትከሻው የሚያሻግር ነው። ይኸኛውን ግን አታውቀውም። ለእናቷ ሹክ ያለቻቸው ይህንኑ ነበር። «ኮቱ የእሱ አይደለም እማዬ። ፊቱንም የሆነ ሰው ነው ያዞረበት።»

ከሁለተኛው እንቢታ በኋላ ንጋቷ እህል አልቀምስ አለች። አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም፤ ሙጫውን ታፈላለች፣ ከሰሉን ትወቅጣለች፣ መብል ሲቀርብ ግን ጠግቤያለሁ ትላለች። ወይዘሮ ወለተሐና አላስቻላቸውም።

«መሪጌታ፣ ልጅዎ እየመነመነች ነው። ልጁን መዘዞ አይታዋለች። ልጆችን ጅረት የሚያሻግር ደግ ሰው ነው ትላለች።»

«አይታዋለች? ለመሆኑ ሴት ልጅ ወንድ እያየች ነው የከረመችው?»

«እርስዎ በፎቶ አይተው ካወቁት እሷ በዓይኗ አይታ ብታውቀው ምን አለበት?»

መሪጌታ ነገር ሲጠብቅባቸው ሥራ ይፈጥራሉ። «ቀይ ቀለም አልቆብኛል» አሉ። «ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ እሄዳለሁ።» ቀይ ቀለም አላለቀም ነበር፤ ንጋቷም ታውቃለች። መሪጌታ የሚሄዱት ያንን ፎቶ አንሺ ፈልገው የሰውየውን ሁለተኛ ዓይን አይቶት እንደሆነ ሊጠይቁት ነው። ይህን ለሚስታቸው ከሚናገሩ ግን ምላሳቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ።

ቅዳሜ ከእህል ጆንያ ጋር የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ደብረ ብርሃን ገቡ። ፎቶ ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ አስፋልቱ ዳር ነው። በመስኮቱ መስታወት ጀርባ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። መሪጌታ ቆመው ማየት ጀመሩ፣ ቀስ በቀስም አፋቸውን ያዙ። በፎቶዎቹ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ ያንኑ ኮት ለብሰዋል! ያንኑ ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ሁሉም ወደ ጎን ዞረዋል። የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ በአንዱም ላይ የለም። አንደኛውን ትኩር ብለው ሲያዩት የአሊዩ አምባው የበርበሬ ነጋዴ ሆኖ አገኙት፤ በየዓመቱ ዘካ የሚያወጣ፣ ጉንዳን የማይረግጥ ሰው። ከእሱ በላይ ያለው ገበያ ውስጥ ቅቤ የሚመዝነው ሰውዬ ነው። አንዱማ የሚያውቁት ዲያቆን ነው! «ጉድ ፈላ» አሉ መሪጌታ ለራሳቸው። «የከተማው ወንድ በሙሉ ጌታን ሊገርፍ ተሰልፏል።»

ወደ ውስጥ ሲገቡ ባለቤቱ ገብረ ጻድቅ ሥራ ላይ ነበር። ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ ጣቶቹ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የወየቡ ሰው ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀደደ የአንድ ፈረንጅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ባርኔጣ የደፋ፣ ወደ ጎን የዞረ። ከሥሩ ሚስማር ላይ ያ ኮትና ያ ባርኔጣ ተንጠልጥለዋል።

«ሰውን ለምንድን ነው የምታዞረው?» አሉ መሪጌታ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«እኔ ምን አደርጋለሁ አባቴ?» አለ ገብረ ጻድቅ መጽሔቱን እያመለከተ። «ይኸ ሰውዬ እዚያ ከተለጠፈ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ እንደሱ አድርገኝ ነው የሚለው። የተማረ፣ የሠለጠነ ሰው ፎቶ የሚነሣው እንዲህ ነው። ፊት ለፊት የሚያፈጠው ገጠሬ ነው ይላሉ።»

መሪጌታ እጃቸውን ሰደው ባርኔጣውን ነኩት። ያን ሁሉ ዓመት ሲሥሉት ከብረት የከበደ ነገር ይመስላቸው ነበር። ላባ የሚያህል ነው። የፀጉር ቅባት ይሸታል። የደነገጡት በዚህ ነበር እንዴ?

ከክፍሉ ማዶ፣ በመስታወት ጣሪያው ሥር፣ አንድ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣቱን ይጠብቃል። ክርኑ የተጣፈ ካኪ ጃኬት ላይ ነጭ ጋቢ ደርቧል። ገብረ ጻድቅ ጥቁር ጨርቅ የለበሰውን የእንጨት ሣጥን ወደ ወጣቱ አዙሮ፣ በጨርቁ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ፣ ወጣ። መሪጌታ ዓይናቸውን ከሣጥኑ መንቀል አቃታቸው።

«ውስጡ ምን አለ?»

ገብረ ጻድቅ ፈገግ አለ። በሥራው የሚኮራ ሰው ነውና እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳል። «ይምጡ፣ ይዩት። ጥምጣምዎን ግን ያውርዱ፣ አያስገባዎትም።»

መሪጌታ ጥምጣማቸውን አውርደው ወንበር ላይ አስቀመጡ። ራሰ በራ ሽማግሌ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገቡ።

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ከዚያ ደብዛዛ መስታወት ታያቸው፣ መስታወቱም ላይ ሥዕል አለ። ሥዕል! በእንጨት ገበታ ላይ የሚሣል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የምታህል፣ ከነቀለሟ፣ የጋቢው ነጭ ነጭ ሆኖ፣ የፊቱ ጠይምነት ጠይም ሆኖ። ተገልብጣለች። ሰውየው ራሱ ወደ ታች ነው፣ ወንበሩ ወደ ላይ፣ ብርሃኑም ከሥር ይመጣል። ያ ሳይሆን ትንፋሻቸውን ያቆመው ሥዕሉ ሕያው መሆኑ ነው። ሰውየው ሲተነፍስ የጋቢው ጠርዝ ከፍ ዝቅ ይላል። አርባ ዓመት ቀለም የበጠበጡ ሰው፣ የአንድ ጣት ጥላ ለማውጣት ሙሉ ቀን የሚፈጁ ሰው፣ አሁን ማንም ያልነካውን ሥዕል ያዩ ጀመር።

«ማነው የሣለው?» አሉ ከጨርቁ ውስጥ።

«እኔ አይደለሁም አባቴ» አለ ገብረ ጻድቅ። «ፀሐይዋ ናት።»

ይህን ጊዜ ውጭ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አምባረቀው። ወጣቱ ደንግጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። በመስታወቱ ላይ፣ በመሪጌታ ዓይን ሥር፣ ያ ሁለት ዓይን የነበረው ፊት አንድ ዓይን ብቻ ሆነ። መሪጌታ ክው አሉ። ከዚያ ወጣቱ ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰ፤ ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫው ጀርባ ብቅ አለ። ያው ሰው ነው። ያው ፊት ነው። ዞረ፣ ተመለሰ፣ ምንም አልሆነም።

በግድግዳቸው ላይ የዞረ ሰው እስከ ዳግም ምጽአት እንደ ዞረ ነው የሚቀረው። እንዳይመለስ ያደረጉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ይህ አሳብ እንደ መጣባቸው እንባቸው ወረደ። ሐዘን ነው እንዳይባል ደስታ አለበት፤ ደስታ ነው እንዳይባል ደረታቸውን አመማቸው። እግዚአብሔር ሰውን ሲሠራው የሚዞር አድርጎ እንደሠራው በዚያች ደቂቃ ገና አዩ።

ከጨርቁ ሲወጡ ወጣቱ ከወንበሩ ተነሥቶላቸው ነበር። ያለ ጥምጣም ሲያያቸው አንድ የደከመ ገበሬ መስለውት «ይቀመጡ አባቴ፣ በርዶዎት ይሆናል» አላቸው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«የቄስ ገብረ ሕይወት ልጅ ነኝ። ከመዘዞ። ገብረኪዳን እባላለሁ።»

መሪጌታ ጥምጣማቸው የነበረበት ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ ጥምጣሙ ሳያዩት ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ እገሌ ነኝ ማለት ይገባቸው ነበር፤ አላሉም። «እንግዳ ነህ ወይስ ፎቶ ትወዳለህ?» ብለው ቀባጠሩ።

ገብረኪዳን አንገቱን ደፋ። «ከዚህ በፊት ተነሥቼ ነበር። ሽማግሌ ልኬ የልጅቷ አባት ፎቶዬን ሲያዩ ሌላኛው ዓይኑ የታለ አሉ። ፊት ለፊት ልነሣ ነው የመጣሁት።»

ገብረ ጻድቅ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ምን ያሉት ሽማግሌ ናቸው ጃል! ሁለት ዓይን እንዳለህ ምስክር ልትቆጥርላቸው ነው እንዴ?»

«አትሳቅ» አለ ገብረኪዳን። «እውነታቸውን ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ አንኮበር ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ይዞኝ ሄዶ የእኚያን ሰው ግድግዳ አይቻለሁ። አንድ ጅራፍ የያዘ ባለ ባርኔጣ ወታደር አለ። ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳባረረኝ! እስከ ዛሬ ባርኔጣ የደፋ ሰው ሳይ ልቤ ይመታል። አንተ ደግሞ ያንኑ ባርኔጣ እኔው አናት ላይ ደፋህብኝ። ፎቶውን ስቀበል ራሴን ፈራሁት።»

«ታዲያ ለምን ላክኸው?» አሉ መሪጌታ።

ወጣቱ የጃኬቱን ክርን በጋቢው ሸፈነ። «ያለችኝ ኮት ይቺ ናት፣ አባቴ። አፈርኩባት።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ከክርኑ አነሡ። «ግድግዳውንስ? ጠላኸው?»

«እንዴት እጠላዋለሁ! ከዚያ በፊት ሥዕል አይቼ አላውቅም። ማዶ በኩል እመቤታችን አለች፤ የትም ብቆም ታየኝ ነበር። ወታደሩ ሲያስፈራኝ ወደሷ እሮጥ ነበር። አሁን ልጆቹን ሥዕል የማስተምራቸው እሷን ስላየሁ ነው።»

ገብረ ጻድቅ የገብረኪዳንን ፎቶ አንሥቶ ሲጨርስ ወደ መሪጌታ ዞረ። «እርስዎስ? አንድ ጊዜ ይነሡ እንጂ፣ ለልጅ ልጅ ይቀራል!» ከማለቱ ከሌላኛው ሚስማር ላይ ጥቁር ባርኖስ አውርዶ ትከሻቸው ላይ ጣለባቸው። መሪጌታ ግድግዳው ላይ ባለው የፊት መስታወት ውስጥ ሲያዩ አንድ የተከበረ ባላባት ያያቸዋል። የባርኖሱ ጌታ የከተማው ሰው ሁሉ መሆኑን ባያውቁ ኖሮ ተነሥተው እጅ ይነሡት ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አቀማመጥ ለእሳቸው ይነገራቸዋል? ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሣጥኑ አዞሩ፣ ዓይኖቻቸውን እንደ ሐዋርያ ከፈቱ። ገብረ ጻድቅ «እንዳይነቃነቁ» አለና እጁን አነሣ።

በዚህ መሐል ገብረኪዳን ወለል ላይ ወድቆ የነበረውን ጥምጣም አየ። አንሥቶ አቧራውን አራገፈ። ሊያስቀምጠው ሲል ጠርዙ ላይ የደረቀ ቀለም ተመለከተ፤ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ። እጁ ቆመ። ከገበሬ ራስ የወረደ ጥምጣም እንዳልሆነ ገባው። ጥምጣሙን በሁለት እጁ እንደ ታቦት ልብስ ይዞ፣ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ሲለው ፊቱ አመድ መሰለ።

መሪጌታም ያን ጊዜ ሣጥኑን ረሱት። ወደሱ ዞሩ። በዚያው ቅጽበት ገብረ ጻድቅ ፎቶ አነሣቸው።

ገብረኪዳን መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «የኔታ፣ አላወቅሁዎትም። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«እኔም አላወቅሁህም» አሉ መሪጌታ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው። ደግሞም፣ «ልጆቹን ጅረት ታሻግራቸዋለህ ይባላል» አሉት።

«በክረምት ብቻ ነው፣ የኔታ።»

መሪጌታ ያልፈለጉትን ቀይ ቀለም ገዝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ምን እንዳጋጠማቸው ለማንም አልተነፈሱም። ወይዘሮ ወለተሐና ቢጠይቋቸው «ብርድ ነበር» ብቻ አሉ። ንጋቷ ግን አባቷ ከብርድ የተመለሱ ሰው እንዳልሆኑ አይታለች። ግድግዳው ፊት ብሩሽ ይዘው ይቆማሉ፣ አንድ ነገር ሳይነኩ ይመለሳሉ። እሷም በልቧ እየፈራች የመጨረሻዋን ቀን ትጠብቅ ነበር።

አቶ ወርቅአገኘሁና ጓደኞቻቸው ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው ደጅ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ተባሉ። ንጋቷ ከመጋረጃው ጀርባ መጋረጃውን በጥርሷ ነክሳ ቆመች። አቶ ወርቅአገኘሁ ያንኑ መሐረብ አወጡ፣ ፈቱ፣ ገብረኪዳን ከፎቶ ቤቱ ካመጣቸው ፎቶዎች አንዱን ለመሪጌታ ሰጡ። ከንፈራቸው ዳር ላይ የታፈነ ሳቅ ይጫወት ነበር።

መሪጌታ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱ። የተቀመጠው ሰው ባርኖስ ለብሷል። ሽማግሌ ነው። ራሰ በራ ነው፣ ጥምጣም አልጠመጠመም። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አዙሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ከኋላቸው የአቶ ወርቅአገኘሁ ድምፅ፣ በሐዘን የከበደ አስመስለው፣ «ሌላኛው ዓይኑ የታለ?» አለ።

መሪጌታ የገዛ ፊታቸውን ከጎን በዕድሜያቸው አይተውት አያውቁም። አፍንጫቸው እንዲህ መሆኑን፣ ጉንጫቸው እንዲህ መጎድጎዱን አያውቁም። ዓይኑን ግን አወቁት። ያ ዓይን እንባ አቅርሯል። አንድ የሚወደውን ነገር አይቶ እንዳያመልጠው የሚሳሳ ዓይን ነው። ሰዎቹን በዚህ ጎን ሲሥሉ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ የዞረው ሰው ወደ ምን እያየ እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

«በወዲያ በኩል ነዋ» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳይነቅሉ። «የት ይሄዳል?»

አቶ ወርቅአገኘሁ ከወንበራቸው እስኪወድቁ ሳቁ። የገብረኪዳንን ፊት ለፊት የተነሣ ፎቶም አወጡ፤ መሪጌታ ግን አላዩትም፣ ለሚስታቸው አቀበሉት። «ያንን የበፊቱን ስጡኝ» አሉ፤ «ባለ ባርኔጣውን።» ከዚያም ወደ መጋረጃው ዞረው፣ «ንጋቷ፣ ነይ እንግዶችሽን ቅጂ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ፣ ወይዘሮ ወለተሐናም እልል አሉ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከሰርጉ በፊት ግን መሪጌታ አንድ ሥራ ነበራቸው። በማግስቱ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ገብተው፣ ጅራፍ ከያዘው ወታደር ፊት መሰላል አቆሙ። ንጋቷ ቀለሙን ይዛ ከሥር ቆመች። መሪጌታ ባርኔጣውን አልነኩትም፣ ጅራፉንም አልነኩትም። ከአፍንጫው ማዶ ብቻ፣ ራሱን መመለስ የጀመረ አስመስለው፣ የሁለተኛውን ዓይን ጠርዝ አወጡ። ወደ ምእመኑ ሊመለስ የጀመረ ሰው ሆነ። ካህናቱ አጉረመረሙ፤ አንዳንዱ መሪጌታ አርጅተዋል አለ። ልጆቹ ግን ያን ወታደር ከዚያ በኋላ ቆመው ያዩት ጀመር።

ፎቶዎቹን በአባቷ ቤት ግድግዳ ላይ ንጋቷ ናት የሰቀለቻቸው። አባቷ ወደ ግራ ዞረዋል፣ ገብረኪዳን ከነባርኔጣው ወደ ቀኝ ዞሯል። እሷም የገብረኪዳንን በግራ፣ የአባቷን በቀኝ አድርጋ ጎን ለጎን ስታንጠለጥላቸው ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተያዩ። መሪጌታ እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ ግድግዳ ሥር ወስደው ያቆሙታል፣ «ይኸው አማቼና እኔ ስንጨዋወት» ይሉታል።